በሲዝኑ መጨረሻ ዲር በጩኸት አይጠራም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጋዜጣችሁን ከሀበሻ ሱቅ በር ላይ እያነሳሁ ማንበብ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፣ ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ያስጻፈኝ ባለፈው እትማችሁ ስለ ሀበሻ አዳኞች ያወጣችሁት ጽሁፍ ነው። መጀመሪያ ሳየው በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ምክንያቱም እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ ከማውቃቸው ሰዎች መሃል እንኳን አደን የጀመሩት በየዓመቱ እየጨመሩ ነው፣ በአማርኛ የሚያስረዳቸው ጽሁፍ ግን እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም። እስከ ግማሹ ድረስ ጥሩ ሄዶ መጨረሻ ላይ የሰጣችሁት ምክር ግን አስደነገጠኝ። የአደኑ ሲዝን ሊያልቅ ሲል ዲር፣ ማለትም የዚህ አገሩን አጋዘን፣ ካጣችሁ ኮል የሚባለውን የዲር ድምፅ ማስመሰያ ገዝታችሁ ጮክ አድርጋችሁ ደጋግማችሁ ንፉ፣ ቀንድም አጋጩ፣ ሰምቶ ይመጣል ነው የሚለው። ወንድሞቼ ይሄ ምክር ለኖቬምበር ቢሆን እሺ ይባላል፣ አሁን ዲሴምበር አጋማሽ ላይ ሆነን ግን ያለውን ዲር የሚያባርር ነው፣ ከዛም አልፎ ሰው ሊያስገድል ይችላል። እያጋነንኩ አይደለም፣ ለምን እንደዚህ እንደምል እነግራችኋለሁ።

እኔ ሰሜን ሸዋ ገጠር ተወልጄ ከብት ስጠብቅ ያደግኩ ሰው ነኝ። አሁን ማናሳስ ነው የምኖረው፣ ማታ ማታ እሰራለሁ፣ አደን ከጀመርኩ አስራ አንድ ዓመቴ ነው። ያስተማረኝ ከኩልፔፐር ወጣ ብሎ እርሻ ያለው አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ነው፣ ስሙን አልጠራም፣ ሰው ፊት መውጣት አይወድም። በግ ልገዛ ሄጄ ነው የተዋወቅነው። በጉን አጋድሜ አርጄ ቆዳውን ስገፍ ቆሞ አየኝና ከብት አርብተህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ አዎ አልኩት፣ እንደዛ ተጀመረ። ዛሬ እሱ ሰማንያ አልፎታል፣ ዛፍ ላይ መውጣት አይችልም፣ እኔ ነኝ ለሁለታችንም የማድነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። ጽሁፉ ሙሉውን አጋዘን እያለ ነው የሚጠራው፣ ሁላችንም እንደዛ እንላለን፣ ክፋት የለውም። ግን አገር ቤት ያለው አጋዘን ቀንዱ ሲበቅል በቀለ ነው፣ እስኪሞት አብሮት ይኖራል። የዚህ አገሩ ወንድ ዲር ግን ቀንዱን በየዓመቱ ይጥልና እንደገና ያበቅላል፣ ዘሩም ሌላ ነው፣ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ዲር የሚባል በተፈጥሮው የለም። ይሄን ያነሳሁት ለእውቀት ብቻ አይደለም። ከዲሴምበር መጨረሻ ጀምሮ አንዳንዱ ወንድ ቀንዱን መጣል ይጀምራል፣ ስለዚህ በሲዝኑ መጨረሻ ቀንድ የሌለው ሁሉ ሴት ነው ብሎ መተኮስ ስህተት ነው፣ በደንብ አይታችሁ ግንባሩ ላይ ቀንዱ የወደቀበትን ጠባሳ ልታዩ ትችላላችሁ። ከዚህ በኋላ ዲር እያልኩ ልቀጥል።

አሁን ወደ ድምፁ ነገር ልምጣ። ኮል የሚባለው ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ በአፍ የሚነፋ ቱቦ ነው፣ ውስጡ ስስ የፕላስቲክ ምላስ አለች፣ ስትነፋባት የወንዱን ድምፅ፣ ያንን እንደ አሳማ አጠር ያለ ጉርምርምታ ታወጣለች፣ ግራንት ይሉታል። ሌላው እንደ ቆርቆሮ ያለች ነገር ናት፣ ገልበጥ አድርገህ ስትመልሳት የሴቷን ድምፅ፣ እንደ ፍየል ሳብ ያለ ጩኸት ታሰማለች። ከዛ ደሞ ሁለት ቀንድ ይዞ ማጋጨት አለ፣ ወንዶች ሲዋጉ የሚሰማውን ለመምሰል። ሶስቱም ይሰራሉ፣ አይሰሩም ያለ የለም። ጥያቄው መቼ እና እንዴት ነው።

እዚህ ቨርጂኒያ የስሪያ ወቅታቸው የሚጦፈው ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ነው። የሚወስነው ብርዱ ሳይሆን የቀኑ ማጠር ነው፣ ስለዚህ በየዓመቱ ያው ሰሞን ላይ ይውላል። ያኔ ወንዱ እብድ ነው፣ አይበላም፣ አይተኛም፣ ቀን በቀን መንገድ ያቋርጣል፣ መኪና የሚገጨውም ያኔ ነው። ያን ሰሞን ግራንት ብትነፋ ሌላ ወንድ ገባብኝ ብሎ ደሙ ፈልቶ ይመጣል፣ ቀንድ ብታጋጭም ሊገላግል ወይም ሊቀማ ይሮጣል። ሴቷ ስሪያ የምትፈልገው ለአንድ ቀን ገደማ ብቻ ነው፣ ከያዘች ወደ 200 ቀን አርግዛ ሜይ መጨረሻና ጁን ላይ ትወልዳለች። ካልያዘች ግን ከ28 ቀን ገደማ በኋላ ተመልሳ ትፈልጋለች። በዛ ላይ በዚያው ዓመት ከተወለዱት ሴት ግልገሎች በደንብ በልተው ክብደት የያዙት በዲሴምበርና በጃንዋሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድ ይፈልጋሉ። ሰዎች ሁለተኛው ዙር የሚሉት ይሄንን ነው። አለ፣ እውነት ነው፣ ግን እንደ መጀመሪያው ጫካው ሁሉ አይታመስም፣ እዚህ አንዷ፣ እዛ ሌላዋ፣ ተበታትኖ ነው የሚመጣው።

ታዲያ በዚህ ጊዜ ወንዱ ምን ላይ ነው? ደክሟል። በስሪያው ወቅት ከክብደቱ አንድ አምስተኛውን አንዳንዴም ከዛ በላይ ያጣል፣ ጎኑ ገብቶ፣ ወገቡ ተቆርጦ፣ አንዳንዱ ቆስሎ ነው የምታገኘው። ፊቱ ክረምት አለ፣ ካልበላ አይወጣውም። የሚያስበው ስለ ሆዱ ነው፣ የቀረ የኦክ ፍሬ፣ በመከር ተዘርቶ በብርዱ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይ ስንዴ፣ ማሳ ላይ የወዳደቀ በቆሎና አኩሪ አተር። እንደዚህ ያለ ወንድ ጋ ሄደህ ቀንድ ስታጋጭበት ና እንደባደብ ማለትህ ነው፣ እሱ ደሞ ለድብድብ አቅም የለውም፣ ሰምቶ ዞሮ ይሄዳል፣ አንተም አላየኸውምና ጫካው ባዶ ነው ብለህ ትመለሳለህ።

ሌላው ነገር ደሞ መሳሪያው ነው። ቀስት የሚጀመረው ኦክቶበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው፣ ከዛ በአፈሙዙ የሚጎረሰው መዝልሎደር፣ ከዛ ጠመንጃ። ገና ሲደርስ እነዚህ ፍጥረቶች ሶስት ወር ሲታደኑ ቆይተዋል። የግራንት ድምፅ በሰሙ ቁጥር የሰው ሽታ እንደሚከተለው ተምረዋል። በሕይወት የቀረው ምኑም ያልገባው ሞኝ አይደለም፣ ሞኙማ ኖቬምበር ላይ አልቋል። ከአነጋገር ይፈረዳል ከአያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ፣ ሲዝኑ ሲያልቅ ዲር ላይ በትክክል እንደዛ ነው።

በቴክሳስ ደቡብ በ1990ዎቹ ቀንድ እያጋጩ የሞከሩ ተመራማሪዎች ነበሩ፣ ይሄን የሚያውቅ አንባቢ ካለ ጮክ ያለው ነው ብዙ ወንድ የሳበው ብሎ ሊሞግተኝ ይችላል፣ እውነቱን ነው፣ ያገኙት እንደዛ ነው። ግን የሞከሩት አዳኝ ብዙም በማይገባበት ጥብቅ ቦታ ነው፣ ትልልቅ ወንዶችም በብዛት ባሉበት። እኛ የምናድንበት በየ200 ሜትሩ ሰው የተቀመጠበት ጫካ ነው። እዛ የሰራ ነገር እዚህም ይሰራል ማለት አይደለም። ከዛ ጥናት እኔ የያዝኩት ሌላ ነገር ነው፣ ከመጡት ወንዶች አብዛኞቹ ነፋስ ተከትለው ነው የመጡት፣ ማለትም ድምፁን ሰምተው ቀጥ ብለው ሳይሆን ዞረው፣ ነፋሱ ካንተ ወደ እነሱ በሚነፍስበት በኩል ሽታ እየለቀሙ። ይሄ ቨርጂኒያም ያው ነው። ኮል ስትነፋ ዲሩ በአፍንጫው ሊያጣራህ እንደሚመጣ አውቀህ ከጀርባህ ያለውን ቦታ ካላሰብክበት በራስህ ላይ እየጠቆምክ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ታሪክ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ነው፣ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት። ሽማግሌው ያን ሰሞን ሆስፒታል ነበር፣ እርሻው ላይ ብቻዬን መግባት ከብዶኝ ከብሉ ሪጅ ተራራ ማዶ ጆርጅ ዋሽንግተን ናሽናል ፎረስት ወደሚባለው የሕዝብ ጫካ ሄድኩ። ዲሴምበር ነው፣ የመዝልሎደር ወቅት። ትንሽ በረዶ ጥሏል፣ ጸጥ ያለ ቀን። አንድ የወደቀ ግንድ ተደግፌ ተቀመጥኩ። ሲነጋ ምንም የለም፣ ሶስት ሰዓት ምንም የለም፣ እግሬ ደነዘዘ። ያኔ እኔም እንደ እናንተ ጽሁፍ ነበር የማስበው፣ ካልመጡ ጥራቸው። ግራንቱን አወጣሁና በኃይል ነፋሁ፣ ከዛ ሁለቱን ቀንድ አወጣሁና ግንዱን እየመታሁ፣ ቅጠሉን በእግሬ እያንኮሻኮሽኩ፣ ልክ ሁለት ወንድ እየተዋጋ እንዲመስል አጋጨሁ። አምስት ደቂቃ አረፍኩና ደገምኩት። ደግሜ ሰለስኩት።

ከቁልቁለቱ በኩል ቅጠል ሲሰበር ሰማሁ። አንድ እርምጃ፣ ዝም፣ ሁለት እርምጃ፣ ዝም። ዲር ልክ እንደዛ ነው የሚራመደው። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። መሳሪያዬን ቀስ ብዬ አነሳሁ። ከዛ በዛፎቹ መሃል ያየሁት ነገር ቀንድ አልነበረም፣ አፈሙዝ ነው። ሰውየው ጎንበስ ብሎ፣ አንድ ጉልበቱን መሬት አስነክቶ፣ ወደኔ አነጣጥሯል፣ እኔ በብርዱ ምክንያት ሰው እንዲያየን አዳኞች የምንለብሰው ብርቱካናማ ቬስት ላይ ቡናማ ጃኬት ደርቤ ነበር፣ እጄ ላይ ቀንድ ይዤ ነበር፣ ከግንዱ በላይ የሚታየው ቡናማ ነገርና ቀንድ ብቻ ነው ማለት ነው። አፌ ላይ የመጣልኝ እንግሊዝኛ አልነበረም፣ "ሰው ነኝ! ሰው ነኝ!" ብዬ ነው የጮህኩት። ቃሉን አላወቀውም፣ ግን የሰው ድምፅ መሆኑን አወቀ። አፈሙዙን ወደ መሬት መለሰና እዛው በረዶው ላይ ቁጭ አለ። ስጠጋው እጁ እየተንቀጠቀጠ ነበር፣ ጓንቱን ማውለቅ አቅቶት ነበር። የልጅ አባት ነኝ አለኝ፣ እኔም ነኝ አልኩት፣ ከዛ ሌላ ምንም አልተባባልንም። ሁለታችንም ያን ቀን ወደ መኪናችን ተመለስን።

ጥፋቱን በሰውየው ላይ አልጥልም። ያላየውን ነገር ማነጣጠር አልነበረበትም፣ እሱ የሱ ነው። የኔ ጥፋት ግን የበለጠ ነው፣ ብርቱካናማውን ሸፍኜ፣ የሕዝብ ጫካ ውስጥ፣ ሰው ባለበት ሁሉ እንዲሰማ አድርጌ እኔ ዲር ነኝ እያልኩ ስጣራ ነበር። ስለዚህ ነው ጮክ አድርጉ ደጋግሙ የሚለውን ምክር ሳነብ ዝም ማለት ያልቻልኩት። ጋዜጣችሁን አንብቦ ነገ ቅዳሜ ኮል ገዝቶ ሕዝብ ጫካ የሚገባ ወጣት አለ። እባካችሁ፣ ሕዝብ ጫካ ላይ ቀንድ አታጋጩ። ብርቱካናማው ወይም ደማቅ ሮዙ ደሞ ከሁሉ በላይ ይለበስ፣ ከጃኬት ውስጥ ሳይሆን ከጃኬት ላይ፣ ዲሩ ብርቱካናማን ከሌላው ለይቶ አያየውም፣ ሰው ግን ያየዋል።

ሽማግሌው ከሆስፒታል ሲወጣ ይሄንን ነገርኩት። አልተቆጣም። ሁለት ወንበር አውጥቶ ጎተራው ጀርባ አስቀመጠኝና እስኪመሽ ድረስ ምንም ሳናደርግ ዝም ብለህ ስማ አለኝ። ጥዱ ጥግ ላይ አንዲት እናት ከሁለት ግልገሎቿ ጋር ትግጥ ነበር። አንዱ ግልገል ወደ ዳር ራቅ ሲል እናትየዋ አንድ ድምፅ አሰማች፣ ከሃምሳ እርምጃ ላይ ለመስማት ራሱ ጆሮ መቀሰር ይፈልጋል፣ አጭር፣ ለስላሳ፣ እዚህ ነኝ እንደማለት። ግልገሉ ቀና አለና ተመለሰ። በቃ። ሽማግሌው ዞሮ አየኝ። እኔም ያኔ ነው የገባኝ፣ ምክንያቱም ይሄን እኔ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። እረኛ የነበረ ሰው ያውቃል፣ ላም ጥጃዋን በረት በር ላይ ስትጠራ የምታሰማው ድምፅና ጅብ ሲመጣ የምታሰማው ድምፅ አንድ አይደለም፣ ፍየልም እንደዛው። መንጋው ቀኑን ሙሉ በቀስታ ይነጋገራል፣ አለህ ወይ አለሁ ይባባላል፣ የሚጮኸው ችግር ሲመጣ ብቻ ነው። እኔ ጫካ ገብቼ ስጮህ የነበርኩት የችግር ድምፅ ነው።

ከዛ ቀን ጀምሮ በሲዝኑ መጨረሻ የማደርገው እንደዚህ ነው። ዲር ሳላይ ኮል አልነፋም። ድምፄ መሳቢያ ሳይሆን ማቆሚያ ነው። ቦታውን የሚመርጥልኝ ምግቡና የሚተኙበት ጥቅጥቅ ያለ ጥድ ነው፣ እሱ መሃል እቀመጣለሁ፣ ነፋሱ ከነሱ ወደኔ እንዲሆን አድርጌ፣ ማታ ላይ ደሞ ብርድ አየር ወደ ሸለቆ እንደሚወርድ አስቤ ከነሱ በታች እንጂ በላይ አልቀመጥም፣ ከላይ ከሆንኩ ሽታዬ ቁልቁል ወርዶ ይደርሳቸዋል። ዲሩ በራሱ ጊዜ ይመጣል፣ ምግብ ነውና። ኮሉ የሚያስፈልገኝ መጥቶ የማይሆን መንገድ ይዞ ሊያልፍ ሲል ብቻ ነው።

ያኔም ቢሆን ፊቱ ወደኔ ከሆነ አልነፋም። ጆሯቸው እያንዳንዱ ለብቻው ይዞራል፣ ድምፁ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንደወጣ ለይተው ያውቃሉ፣ ወደ አንተ እያየ ሳለ ከነፋህ እዛ ቦታ ላይ ዲር አለመኖሩን ወዲያው ያጣራል። ጀርባውን ሲሰጥ ወይ ዛፍ ሲጋርደው ጠብቄ አንዴ፣ በጣም በቀስታ፣ በጉንጬ ጉልበት ሳይሆን በእስትንፋሴ ብቻ እነፋለሁ። ጆሮው ወደኋላ ከዞረ ሰምቶኛል ማለት ነው፣ አበቃ፣ አልደግምም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ዲሩ ቆሞ እያሰበ ሳለ ይደግመዋል። ተዉት ያስብ። ካልሰማ ብቻ ትንሽ ከፍ አድርጌ እደግማለሁ። ሴትም ከሆነች የሴቷን ለስላሳ ድምፅ፣ ያንን እናትየዋ ያሰማችውን፣ አንዴ። ማስፈራሪያ የሆነውን፣ ያን ወንዱ በአፍንጫው ፍንፍ ብሎ የሚያፏጨውን ጨርሶ አልነካውም፣ የደከመ ወንድ ይሸሸዋል።

አንድ ትንሽ ነገር ልንገራችሁ፣ ማንም አይጽፈውም። ብርድ ላይ ያ ቱቦ ውስጥ ያለችው የፕላስቲክ ምላስ ትበርዳለች። ስትነፋባት የትንፋሽህ እርጥበት እሷ ላይ ውሃ ይሆናል፣ ውሃው በረዶ ይሆናል፣ ከዛ ምላሷ ትጣበቃለች ወይም እንደ ዳክዬ ትጮሃለች። ትልቁን ወንዴን ያጣሁት በሱ ነው፣ ቀንዱ ከጆሮው ወጥቶ የሚታይ ወንድ ስልሳ እርምጃ ላይ እያለ ነፋሁ፣ የወጣው ድምፅ ሌላ ሆነ፣ ነጭ ጅራቱን ቀስሮ አንድ ዝላይ ብቻ ነው ያየሁት። አሁን ቱቦውን ሸሚዜ ውስጥ፣ ቆዳዬን አስነክቼ በአንገቴ ክር ላይ አንጠልጥዬ ነው የምይዘው። ስነፋም ወደ ውስጥ የሚሳበውን ዓይነት ብመርጥ ይሻላል ብዬ ቀይሬዋለሁ፣ ሲሳብ ትንፋሽ አያረጥበውም።

ሕጉንም ልበል በአጭሩ፣ ምክንያቱም ልጆቻችን ስልካቸው ላይ የዲር ድምፅ አውርደው በስፒከር ያጫውታሉ። ቨርጂኒያ ውስጥ ዲር ለማደን የተቀዳ ድምፅ ወይም ኤሌክትሮኒክ ኮል መጠቀም ክልክል ነው፣ በአፍ የሚነፋና በእጅ የሚሰራ ነው የተፈቀደው። ከድምፅ ጋር ብለው የዲር ሽንት በጠርሙስ ገዝተው የሚረጩም አሉ፣ እሱም ከ2015 ጀምሮ እዚህ ክልክል ነው፣ ምክንያቱም ሲደብሊውዲ የሚባለው የዲር በሽታ በሰውነት ፈሳሽ ይተላለፋል፣ ቨርጂኒያ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘው በ2009 ሲዝን ፍሬድሪክ ካውንቲ ላይ ነው። በቆሎ አፍስሶ ላዩ ላይ ተቀምጦ ማደንም እንደዛው ክልክል ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁ ደሞ ደንቡ ይለያያል፣ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱ በየዓመቱ መጽሐፍ ያወጣል፣ በነጻ ነው፣ አንብቡት።

ስለ ሥጋው አንድ ቃል ልጨምር፣ ከርዕሱ ወጣሁ ብትሉም ግድ ነው። ወቅቱ የሚያልቀው ከብሉ ሪጅ በዚህ በኩል ጃንዋሪ የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው፣ ገና ደሞ ጃንዋሪ 7 ነው፣ ስለዚህ ለኛ ለጾመኞቹ ጊዜው ግጥም ነው የሚለው፣ የነቢያትን ጾም እየጾምን እናድናለን፣ ሥጋው በማቀዝቀዣ ይቆይና ለገና ይወጣል። ዋላ በኦሪቱም የሚበላ ተብሎ የተዘረዘረ ነው፣ የቀረውን አስተራረድ ደሞ እያንዳንዱ ንስሐ አባቱን ይጠይቅ። የምለምነው ግን በጥሬው አትብሉ። ክትፎ አምሮን እንደ በሬ ሥጋ ለብ አድርገን የምንበላ ሰዎች ነን፣ የዱር ሥጋ ግን ቶክሶፕላዝማ የሚባለውን ጥገኛ ሊይዝ ይችላል፣ በተለይ እርጉዝ ላለችበት ቤት አደገኛ ነው። በደንብ አብስላችሁ፣ ቀይ ወጥ ወይም ደረቅ ጥብስ አድርጉት፣ ጮማ ስለሌለው ቅቤ ጠብሰቅ አድርጉለት፣ ሚጥሚጣውን ለጥብሱ አታሳንሱ። ከቤታችሁ የተረፈውን ደሞ ለተቸገሩ የሚያደርስ ሀንተርስ ፎር ዘ ሀንግሪ የሚባል ድርጅት ቨርጂኒያ ውስጥ ከ1991 ጀምሮ አለ፣ ከነሱ ጋር የሚሰራ ሥጋ ቤት ወስዳችሁ ትሰጣላችሁ።

አምና የመጨረሻው ቅዳሜ ማታ ላይ የሆነውን ነግሬያችሁ ላብቃ። የሽማግሌው ስንዴ ማሳ ጥግ ላይ ነኝ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ሃያ ደቂቃ ቀርቷታል። አምስት ሴቶች ወጡ፣ መጨረሻ ላይ አንዲት የዚያው ዓመት ልጅ የምትመስል ትንሽ ሴት ጅራቷን ወደ ጎን አድርጋ እየተቁነጠነጠች፣ ከኋላዋ ደሞ አንድ ወንድ። ጎኑ ገብቷል፣ በግራ በኩል ያለው ቀንዱ ጫፉ ተሰብሯል፣ ሁለተኛው ዙር የሚባለው ዓይኔ ፊት ነው። ልጅቷ ወደ ጥዱ ተመለሰች፣ እሱም ተከትሏት ሊገባ ነው፣ ሰማንያ እርምጃ ላይ፣ ጎኑን ሳይሰጠኝ። ቱቦውን ከሸሚዜ አወጣሁት፣ ሞቅ ብሏል። ፊቱን ወደ ጥዱ እስኪያዞር ጠበቅኩና አንዴ ብቻ፣ የራሴን ትንፋሽ ያህል። ቆመ። አንድ ጆሮው ዞረ። ከዛ ሙሉ ጎኑን ሰጥቶ ወደ ማሳው አየ፣ ከጀርባው ምን እንዳለ አጣራሁ፣ ጥድና አፈር ብቻ ነው፣ ተኮስኩ። ሰላሳ እርምጃ ሳይሄድ ወደቀ። ሽማግሌው ከቤቱ በረንዳ ላይ ሆኖ ጥይቱን ሰምቶ ባትሪውን ሁለት ጊዜ አብርቶ አጠፋልኝ፣ ሰምቼሃለሁ ማለቱ ነው።

የጠመንጃ ወቅቱ ሊዘጋ ጥቂት ሳምንት ነው የቀረው፣ ፌርፋክስ፣ ላውደንና ፕሪንስ ዊሊያም ካውንቲዎች ላይ ደሞ ቀንድ የሌላቸውን ማደን ከዛ በኋላም ይቀጥላል። ስለዚህ አደራችሁን፣ ይሄን ደብዳቤ ከበዓሉ በፊት ባለው እትም አውጡልኝ፣ ቦታ ካጠራችሁ ሌላውን ቆርጣችሁ ስለ ብርቱካናማው ልብስና ሕዝብ ጫካ ላይ ቀንድ ስላለማጋጨት የጻፍኩትን ብቻ አውጡት።

አክባሪያችሁ
ከማናሳስ፣ ቨርጂኒያ